አምስት ሰከንድ

እውነቱን ለመናገር፣ ጠጋኙ የኮምፒውተሩን ሕመም ያገኘው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም።

ኮምፒውተሩ የአንዲት ጸሐፊ ነው። መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሰው ማመልከቻ ትጽፋለች፣ በኢንተርኔት ፎርም ትሞላለች። ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓተ ክወና ነው የተጫነበት፤ ገጽ ክፈት ሲሉት ግን ያንቀላፋል። ማሽኑ የየገጹን አድራሻ የሚጠይቃቸው ሁለት ሰርቨሮች ተመዝግበውለታል፤ የመጀመሪያው ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ሁልጊዜ የለቀቀ ተከራይ በር ሲያንኳኳ አምስት ሰከንድ ይቆምና ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። አድራሻዎቹ ከተጻፉበት ፋይል አንድ መስመር መሰረዝ ነው፣ አለቀ።

ሊሰርዝ ሲል ቀና አለ። እያየችው ነበር። ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። እሱም፣ ጉድ ነው መቼም፣ መስመሩን ሳይነካው ፋይሉን ዘጋው።

«ትንሽ ያስቸግራል» አላት። «ሐሙስ መጥቼ ልየው።»

ሐሙስ መጣ። ማክሰኞም መጣ። አንዴ ገመድ ይፈትሻል፣ አንዴ ብራውዘሩን ያጸዳል፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ይነካካል። ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ እናቷ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ቤት ብቻቸውን አትተዋቸውም።

«ልጄ፣ ዛሬስ ዳነልህ?» ይሉታል።

«ቀስ በቀስ ነው እማማ።»

«አዎ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል! ያንተው ግን ገና አልተፈለፈለም።»

ልጅቱ ትስቃለች። ያ ሳቅ ነው ልቡን ያጠፋው። አንድ ቀን በር ድረስ ሸኘችውና ደህና ዋል ካለችው በኋላም ከደጃፉ አልገባችም። እንዴት ወደዳት! ነገ እነግራታለሁ ይላል፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ገመድ ይፈትሻል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሲገባ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አገኛት። አግዳሚው ባዶ ነው።

«ምን ሆንሽ? እማማስ?»

«ጎረቤት ትቻት ነው። ፊቷን ማየት አቃተኝ።» ቀና አለች፤ ዓይኗ ደም መስሏል። «የነጻው የዓይን ቀዶ ሕክምና ምዝገባ ዛሬ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ፣ ለሠላሳ ሰው። ስሟን ሞልቼ ወደሚቀጥለው ገጽ ስል ቆመ። ዕድሜዋን ሞላሁ፣ ቆመ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ‹ቦታው ሞልቷል› አለኝ።»

«ሌላ ዙር ይኖራል እኮ…»

«ለከርሞ። ሐኪሙ ደግሞ የዓይኗ ብርሃን እስከዚያ አይቆይላትም፣ አንዴ ከጠፋ አይመለስም ብሎናል።»

የጠጋኙ ዓይን ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ።

«ያንተ ጥፋት አይደለም» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «አንተማ ስትለፋ ነው የከረምከው።»

ሆድ ይፍጀው ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? ይቺን ምስጋና ግን መሸከም አልቻለም። ተቀመጠ፣ ፋይሉን ከፈተ፣ መስመሩን ሰረዘ። ገጹ ወዲያው ተከፈተ።

ስክሪኑን አየች፣ እሱን አየች።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

«ለምን?»

«ከተሠራ ምን ብዬ እመጣለሁ ብዬ።»

አልጮኸችም። ብትጮህበት በተሻለው።

«ሻይ እንጠጣ ብትለኝ እኮ እሺ እል ነበር» አለች። «በል ሂድ።»

ሄደ። ከዓመት በላይ በዚያ መንገድ አላለፈም። አንድ ቀን ግን አውቶቡስ ሲጠብቅ እናትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው መጡና አጠገቡ ቆሙ። እናትየው ፊት ለፊቱ ናቸው፤ የሚያዩት ነገር የለም።

«እኔ የምልሽ» አሉ እማማ፣ «ያ ኮምፒውተር የሚሠራው ልጅ የት ገባ? ደግ ልጅ ነበር። እንዲያው በደህናው ነው የጠፋብን?»

ልጅቱ ዓይኗን ከጠጋኙ ላይ ሳትነቅል የእናቷን ክንድ ጠበቅ አደረገች።

«ደህና ነው እማዬ» አለች። «ሥራ በዝቶበት ነው።»