ጉና ዋሻ ውስጥ የቀረው ተሳፋሪ

እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ፣ ሥራዬ ራሱ እንዲህ ያለ ወሬ ለማመን አይመችም፣ ሰው «ቴሌቪዥኔ ሌሊት በራሱ ይናገራል፣ ጠበል ልርጨው ወይ?» እያለ ሲመጣ ከፍቼ አንዲት የሞተች በረሮ አወጣለትና አስቄው እሸኘዋለሁ። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ ብቻ ሳታቋርጡ ስሙኝ።

ደብረ ታቦር ውስጥ የባቡር ማኅበር አለን ስል መጀመሪያ የምትስቁት በዚህ ይሆናል፣ ባቡር በሌለበት አገር! ነገሩ እንዲህ ነው፣ ባቡር በከተማችን ያልፋል የሚል ወሬ በተነሣ ጊዜ አብሮ አደጌ አያሌው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ፣ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ፊዚክስ ሲያስተምር ስለ ባቡር ያልተናገረበት ቀን የለም፣ ግን አንድም ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ወሬው ወሬ ሆኖ ሲቀር «ካልመጣ እኛው እንሠራዋለን» አለና ከግቢው የእህል ክፍል ጆንያዎቹን አስወጥቶ ትልቅ ጠረጴዛ ዘረጋ፣ ከሐሙሲት እስከ ገሳይ ያለውን አገር እዚያ ላይ ሠራነው። ሐዲዱ የዣንጥላ ሽቦ ነው፣ ባቡሩ የዘይት ቆርቆሮ፣ ሞተሩን እኔ ከአሮጌ ቴፕ አወጣሁለት፣ መስኮቶቹ ከሃይላንድ ፕላስቲክ የተቆረጡ ናቸው። ጉና ተራራን ከጋዜጣና ከጄሶ የሠሩት ሦስተኛው አባላችን መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፣ ሥዕል ስለሚያውቁ ቀለሙንም የቀቡት እሳቸው ናቸው። በተራራው ሆድ ውስጥ ዋሻ አለ፣ ባቡሩ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ውስጥ ቢወድቅ ደግሞ ጉናን እንደ ድስት ክዳን አንሥተን እናቃናዋለን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን፣ እንደ ማንኛውም ማኅበር ዳቦና ጠላ አለ፣ አባል ከቀረ ድርሻው ይቀመጥለታል። የእኛ ልዩ ነገር አንድ ነው፣ እያንዳንዳችን ከወይራ የተቀረጸች አውራ ጣት የማታህል የራሳችን ምስል አለችን፣ ስንገባ በገዛ እጃችን ደብረ ታቦር ጣቢያ ላይ እናቆማትና «አለሁ» እንላለን። ከከተማ የወጣ አባል ምስሉ ባቡሩ ላይ ትሳፈራለች፣ እስኪመለስ ድረስ አትወርድም፣ የሚያወርዳትም ራሱ ነው፣ የሌላ ሰው እጅ አይነካትም። ደንቡን ያወጣው አያሌው ነው፣ ያወጣውም ለሳቅ ነበር።

ታዲያ ስዊዘርላንድ የምትኖረው ልጁ ማኅደር «አባዬ፣ እኔ እያለሁ እውነተኛ ባቡር ሳታይ አታረጅም» ብላ የአልፕስ ተራሮችን በባቡር ሊዞር አስጠራችው። ለእናቷ ለየሺም ጠይቃላት ነበር፣ ለእሷ ግን ቪዛ ከለከሏት። የሺ ሆዷ እያረረ እየሳቀች «ሂድ አንተ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ አይሃለሁ» አለችው። አያሌው ምስሉን በቀኝ በኩል መስኮት አጠገብ አስቀመጠና «ተራራው በዚህ በኩል ነው፣ እንዳታዞሩኝ» ብሎ ሄደ።

ስለ የሺ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የቀረው አይገባችሁም። የእህሉ ክፍል ከመኖሪያ ቤቱ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ቅዳሜ ዳቦው ሲደርስ ከታች ሆና «አያሌው! ውረድ እንጂ፣ ዳቦው ቀዘቀዘ!» ትላለች፣ እሱ «እሺ፣ መጣሁ» ይልና ከባቡሩ ሳይላቀቅ እዚያው ይቀራል፣ እንደገና ትጠራዋለች፣ እንደገና «እሺ፣ መጣሁ» ይላል። ትዳራቸው በሙሉ እንዲህ ነበር፣ እኔ ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል።

ኔትወርክ ሲመጣ መልእክቱ ተጠራቅሞ ይደርሰኛል፣ ቀይ ባቡር፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ድልድይ፣ በእነሱ በጋ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ አያሌው ራሱ ኮፍያ አድርጎ እንደ ሕፃን ሲስቅ። «ደምሴ፣ እዚህ አገር ባቡሩ ተራራ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደ ቀለበት ይዞራል፣ ሲወጣ የገባበትን ሐዲድ ቁልቁል ታየዋለህ» አለኝ። ቀናሁበት፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁበት።

እሱ በሄደ በመጀመሪያው ቅዳሜ ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ የአያሌው መስኮት ጉም ለብሶ ነበር። ብጠርገው ከውጭ አልጠረግ አለ፣ ጉሙ ያለው ከውስጥ ነው፣ ሰው የተነፈሰበት ይመስላል። ክረምት ነው፣ እርጥበት ነው ብዬ ተውኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከጉና ሆድ የሚመጣው ድምፅ የእኔ የቴፕ ሞተር ድምፅ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ የሞተር ድምፅ እንጀራዬ ነው፣ ከባድ ብረት በሩቅ ሲንከባለል ዓይነት ነገር ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ጠላው ይርገበገብ ነበር። መሪጌታን አየኋቸው፣ እሳቸውም ጠላውን ነው የሚያዩት። ሽማግሌ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ መናገር ያሳፍራል።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ቀኑን ሙሉ ከጉና በኩል ጠቁሮ ዋለና ወደ አመሻሽ በረዶ ወረደ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ አላነጋግር አለን፣ መብራትም እንደ ልማዱ ጠፋ፣ ባቡሩን ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አያይዤ ሻማ አበራን። የሺ ዳቦውን በነጠላዋ ሸፍና፣ ራሷ በስብሳ ገባች። «ሰውዬዬ የት ደረሰ?» አለች እየሳቀች።

«ጉናን ሊያልፍ ነው» አሏት መሪጌታ።

ባቡሩ ዋሻው ገባ፣ ቆመ። ሞተሩ ጸጥ፣ በረዶውም በዚያችው ቅጽበት ጸጥ አለ፣ ባትሪውን ነካሁት፣ ሙሉ ነው። ጉናን ላነሣ እጄን ስዘረጋ የሺ ቀደመችኝ፣ ወደ ዋሻው አፍ ጎንበስ ብላ እንደ ልማዷ «አያሌው! ውረድ እንጂ፣ ዳቦው ቀዘቀዘ!» ብላ ተጣራች። ሳቅን፣ ሦስታችንም ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ ከዋሻው ውስጥ ፍሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፣ የሚከፈት በር ዓይነት፣ ተከትሎም ፊት የሚቆርጥ ብርድ ወጣና ሻማውን አጠፋው። ክብሪት እስክጭር ድረስ ባቡሩ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ በወዲያኛው በኩል ወጣ፣ መስኮቱ ጥርት ብሎ ነበር፣ ውስጡም ባዶ ነው።

ጉናን አነሣን። ሐዲዱ አለ፣ ጄሶው አለ፣ ጋዜጣው ከውስጥ በኩል ውኃ ጠጥቶ እንደ ፍሪጅ ቀዝቅዟል፣ ምስሏ የለችም። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክከን ፈለግን፣ ጆንያ አራገፍን፣ የሺ «ደብቃችሁብኝ ነው፣ እናንተ ሽማግሌዎች መቼም አታድጉም» እያለች ሳቀችብን፣ የአያሌውን የዳቦ ድርሻ ቆርጣ አስቀመጠችና ወደ ቤቷ ወረደች።

ኔትወርክ ጠፍቶ ሰነበተ። ሲመለስ መጀመሪያ የደወለችው ማኅደር ናት፣ ለእናቷ ሳይሆን ለእኔ።

«ጋሼ ደምሴ፣ አባዬ ጠፋ» አለችኝ። «ባቡር ላይ አብረን ነበርን፣ ቅዳሜ ዕለት ነው፣ ዋሻ ውስጥ ባቡሩ ቆመና መብራቱ ጠፋ። አባዬ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፣ ድንገት 'እሺ፣ መጣሁ' ብሎ ተነሣ። 'የት ነው?' አልኩት፣ 'እናትሽ ጠራችኝ' አለኝ፣ ደስ ብሎት ነበር እኮ ጋሼ! በር ሲከፈት ሰማሁ፣ መብራቱ ሲመጣ ግን በሩ ዝግ ነው፣ እሱ የለም።»

«በሩ ዋሻ ውስጥ ይከፈታል?»

«አይከፈትም ይላሉ። ፖሊስ ዋሻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰሰው፣ አንድ ጫማ እንኳ አላገኙም። ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት?»

«መጥፋቱን ንገሪያት፣ የቀረውን ተይው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? አንቺ ነሽ የጠራሽው ተብሎ ለሰው ይነገራል?

ይኸው እስካሁን ወሬው የለም። ዘመድ መጥቶ «ለቅሶ ይቀመጡ» ቢላት የሺ «ሬሳ አሳዩኝ» አለች፣ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተስካርም አላወጣችም። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ላይ ስሙን ከሙታን ጋር አይጠሩትም፣ ከመንገደኞች ጋር ነው የሚጠሩት፣ አንድ ቀን «መቼ ድረስ?» ብላቸው «እኔንስ ማን ነገረኝ?» አሉኝ። ሞተሩን ፈታትቼ አየሁት፣ ሽቦውን በሙሉ ቀየርኩት፣ ምንም የለበትም፣ ዋሻው ገብቶ ይወጣል፣ የቆርቆሮ ድምፅ ነው የሚያሰማው፣ መስኮቱም ከዚያ ወዲህ ጉም ለብሶ አያውቅም። እውነቴን ነው፣ የሚያስፈራኝ ይኸው ደህንነቱ ነው። ማኅበሩን እንበትነው ብለን ነበር፣ የሺ እምቢ አለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ቀድማ መጥታ ትቀመጣለች፣ ድርሻውን ትቆርጣለች፣ ባቡሩ ጉና ሲደርስ ጎንበስ ብላ ትጠራዋለች፣ ከዚያ እንሰማለን። ምንም የለም። ድርሻውን በሳምንቱ ለዶሮዎቹ ትሰጠዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከጠራችው በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። በጣም ከስታለች።

«ደምሴ፣ ማኅደር የደበቀችኝ ነገር አለ፣ ድምጿ ያስታውቃል፣ አንተም ታውቃለህ። ሲጠፋ ምን አለ? እኔን አላነሣም?»

መሪጌታ ጉና ላይ የተላጠውን ቀለም በጥፍራቸው መነካካት ጀመሩ። እኔ የባትሪውን ሽቦ ያለ ሥራው ፈታሁት፣ መልሼ አሰርኩት።

«አላነሣሽም» አልኳት።



«እንግዲያው አልሰማኝም ማለት ነው» አለችና ነጠላዋን ከአፏ ገለል አድርጋ፣ ይበልጥ ጮክ ብላ ልትጠራው ወደ ዋሻው አፍ ጎንበስ አለች።