ራዳሩ ያላየው ፊት

ካሳነሽ አረብ አገር፣ አል ኑዓይሚያ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር በግንባሯ ተደፍታ ሞታ ተገኘች። ኮሮና ከተማውን ጭር ባደረገበት በዚያ ሰሞን የማዳሟን ቤት ልታጸዳ በማለዳ የወጣች ሴት ነበረች። ገጭቷት የሄደውን ነጭ መኪና አለፍ ብሎ ያለው የፍጥነት ካሜራ፣ ራዳሩ፣ ከኋላ አንስቶታል። ታርጋው አልፎ አልፎ ሥራ የሚያደርሳት የአገሯ ልጅ የተክሉ ነው፤ ተክሉም የዚያኑ ቀን ታሰረ።

ሚስቱ ሶሊያና ወደ ቀለመወርቅ ደወለች። ቀለመወርቅ አዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ ነበረች፤ ዛሬ አል ጋርሁድ ላለ ኢንሹራንስ የመኪና አደጋ ትመረምራለች። ምላሷ ስለት ነው፤ ዓይኗ ደግሞ ይብሳል።

«እትዬ፣ ባሌ አጠገቤ ተኝቶ ነበር። ግን ሚስቱን ማን ያምናል? ካሜራ አይዋሽም አሉኝ።»

«እውነት ነው፣ አይዋሽም። የሚያውቀው ግን ታርጋ ብቻ ነው። አንድ ትራፊክ እዚያ ቆሞ ቢሆን ፊት ያይ ነበር። ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ኩሽና፣ ምስማር ላይ። ቤቱን የሚጋሩን አብዱራዛቅና ማቲያስም ያነሱታል።»

ፖሊስ መኪናውን ከቆመበት ጎትቶ ነበር የወሰደው። ቀለመወርቅ አስፈቅዳ ገባች። መስታወቱ ተሰንጥቋል። ሹፌር ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ፍሬን አልደረሰም፤ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል።

«ተክሉ ረጅም ነው?» ብላ ደወለች።

«ኧረ ከእኔም ያጥራል!»

ዘለግ ያለው አብዱራዛቅ አል ጋርሁድ ሆቴል ይሠራል። «ዋላሂ፣ ኳራንቲን ብለው ሁላችንንም ዘግተውብን ነበር» አለ። የሆቴሉ ዘበኛም ይህንኑ አረጋገጠ።

ማቲያስ በር ሲገባ ጉበኑ እንዳይመታው አንገቱን ደፋ ያደርጋል። የምግብ ቤት ዕቃ አመላላሽ ነው።

«ሹግል፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቫኑን ይዤ በኢቲሃድ መንገድ ከሻርጃ ስመጣ ከፊት ለፊቴ የሚመጣ ሹፌር መብራቱን ብልጭ ብልጭ አደረገልኝ፤ ትራፊክ አለ ማለቱ ነው። ቀስ ብዬ ስነዳ አረፈድኩ።»

«ደግ ሰው ገጥሞሃል» አለች ቀለመወርቅ።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አንድ የፖሊስ መኮንን በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ አብዱራዛቅ የሚባለውን በአረብኛ ይነግረዋል።

«መኪናውን የነዳው ረጅም ሰው ነው» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ተክሉ አይደለም። አብዱራዛቅ ተዘግቶበት ነበር። ቀረህ አንተ፣ ማቲያስ።»

«እኔማ ቫኑን...»

«ቆይ! ኢቲሃድ መንገድ መሀሉ ላይ አጥር አለው፤ ማዶ ያለው ሹፌር ላንተ ምን አስጨንቆት ነው? እዚህ አገር መብራት የሚበራልህ ከኋላ፣ ዞር በል ሊሉህ ነው። የራዳሩን ቦታ ሁሉም ስልኩ ላይ ያየዋል። ከፊት መጥቶ ትራፊክ አለ የሚልህ ሰው ያለው የደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ነው! ያልሄድክበትን መንገድ ስታወራ የአገር ቤቱን አመጣህብኝ። ጠርጥሬ ምግብ ቤቱን ጠየቅኩ፤ ቫኑ ያን ጠዋት ከግቢ አልወጣም።»

አብዱራዛቅ መተርጎሙን አቆመ። ማቲያስ ማስኩን አውልቆ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ጠጥቼ ነበር» አለ። «መኪናውን ስታይ ተክሉ ሊያሳፍራት የመጣ መስሏት እጇን እያውለበለበች አስፋልቱ ውስጥ ገባችብኝ። ወርጄ አየኋት። ትተነፍስ ነበር። ማቲ፣ አትተወኝ አለችኝ። ፖሊስ ከመጣ ጠርዘው ይልኩኛል ብዬ ፈራሁ። ኸላስ፣ በቃ ትቻት ሄድኩ።»

«ባሌ ሲታሰርስ?» ብላ ጮኸች ሶሊያና። «ዓይኔን እያየህ እንዴት ዝም ትላለህ?»

«ፎቶው የእሱን ታርጋ ነዋ የያዘው» አለ ማቲያስ፣ ቀና ሳይል። አብዱራዛቅ የተባለውን ለመኮንኑ ነገረው፤ መኮንኑም ተነሥቶ ለማቲያስ ካቴና አጠለቀለት።

ተክሉ ተፈታ። በረራ ስለተዘጋ ካሳነሽ እዚያው ተቀበረች። ለእናቷ መርዶ የነገረችው ሶሊያና ናት። አሮጊቷ በስልክ ሲያለቅሱ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ ስትሞት ብቻዋን ነበረች? ሰው አላገኛትም?»

ሶሊያና ተክሉን አየችው። እሱም መሬት መሬት ያያል።

«አግኝቷታል፣ እማማ። የምታውቀው ሰው ነበር። ስሙንም ጠርታዋለች።»

«ተመስገን» አሉ እናት። «እግዜር ይስጠው በይልኝ።»

ሶሊያና እሺ አለች።