የሠላሳ አንድ ሸሚዝ ምስክርነት

«ሁላችሁም ደረታችሁን ተመልከቱ» ብላ ጻፈች ዳኛ።

ከትምህርት ቤት ከተለቀቁ ገና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ዩኒፎርሙን ያወለቀ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ተማሪ በሠላሳ አንድ ቤት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የገዛ ሸሚዙን መመርመር ጀመረ።

ግሩፑ «አይመስልም» ይባላል። የክፍሉ ልጆች ለማመን የሚከብድ ነገር እያመጡ የሚከራከሩበት ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው ብሎ አሸነፈ፤ «አንዱን ለሒሳብ አስተማሪያችን ያውስልን» ተባለ። ቀጥሎ ዎምባት የሚባል እንስሳ ኩሱን ኩብ ኩብ አድርጎ እንደሚጥል ተረጋገጠ። «እኛ በማስመሪያ እንኳ አቅቶናል» ያለው ልጅ ሃያ ዘጠኝ ሳቅ አገኘ።

ሕጉ አጭር ነው። «ኢንተርኔት ላይ አየሁ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ በዓይን የሚታይ ነገር መቅረብ አለበት። የተሸነፈ ሰው የሰባትን ማባዣ በዜማ ቀድቶ ይልካል። ፍርድ የምትሰጠው ዳኛ ናት። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው፤ የወደደችው ግን እሷው ናት።

የዛሬውን ጉድ ያመጣው ሽቦ ነው። ቁመቱ ከልብሱ ቀድሞ የሚያድግ፣ በክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦም ከፊት የሚታይ ልጅ ነው። «የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ የሚሰፋው በለባሹ ቀኝ፣ የሴት ደግሞ በግራ ነው» ብሎ ጻፈ።

«ቁልፍ ደግሞ ጾታ አለው?» አለች ሬዲዮ። ሬዲዮ ወሬ በእጇ ከገባ ሁለት ደቂቃ አታሳድርም።

ዳኛ ለዚህ ክርክር ራሷን ከማንም በላይ ብቁ አድርጋ ነበር የቆጠረችው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም የምትሰፋውም እሷ ናት። ዳኛ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ከትምህርት መልስ ቁልፍ ስትተክል ኖራለች። «እኔ ያደግኩት ስፌት ቤት ነው፤ ለእኔ አትንገረኝ» ብላ መለሰችለት።

የደረት ፎቶ መጉረፍ ጀመረ። ወንዶቹ በቀኝ። ሴቶቹም በቀኝ። ሁሉም በቀኝ።

«ቆዩ፣ ፎቶ አለኝ» አለ ሽቦ።

«ሠላሳ አንድ ሸሚዝ መስክሮብህ የምን ፎቶ ነው? ዝም ብለህ ዝፈን» አለች ዳኛ።

ሽቦ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠፋ። ከዚያ «እሺ፣ ተሸንፌያለሁ» ብሎ የድምፅ መልእክት ላከ። ዜማው እስከ ሰባት ሰባት ድረስ መልካም ነበር። ሰባት ስምንት ላይ ግን የጎረመሰ ድምፁ ከዳው፤ ጎልማሳ ሆኖ ጀምሮ ጫጩት ሆኖ ጨረሰ። ሬዲዮ መልእክቱን ወዲያው ለሌላው ክፍል አስተላለፈችው።

በማግስቱ ሽቦ የማያውቃቸው ልጆች ኮሪደር ላይ «ሰባት ስምንት!» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እሱም ሳይቆም «ሃምሳ ስድስት» እያለ ያልፋል። ዳኛ ከኋላ ሆና ስታየው ጆሮው ቀልቶ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ዳኛ የአክስቷ ሱቅ ገብታ የተለመደው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አክስቷ አዲስ የተሰፋ ነጭ ሸሚዝ አቀበለቻት። ትዕዛዙ ስለበዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒፎርም ያልሆነ ልብስ መስጠቷ ነበር። ዳኛ ቁልፉ የሚያርፍበትን በጠመኔ ልታመለክት ስትል እጇ ቆመ።

«እቴቴ፣ ይሄን ተሳስተሻል። ቀዳዳዎቹን በሌላኛው በኩል ነው ያወጣሽው።»

አክስቷ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች ሳታወጣ ቀና አለች። «የሴት ነዋ።»

«የሴት ቢሆንስ?»

«የሴት ቁልፍ በግራ ነው። ምክንያቱን ሁሉም የየራሱን ያወራል፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ መሆኑን ነው።»

«የእኛ ዩኒፎርምስ?»

«እሱንማ ሁሉንም በአንድ የካርቶን ልክ ነው የምቆርጠው። የወንዱን። ሦስት መቶ ሸሚዝ በአንድ ወር አድርሺ ብትባዪ አንቺም አንድ ካርቶን ይበቃሻል።»

ዳኛ ጠመኔውን አስቀመጠች። ሠላሳ አንዱም ምስክር የወጣው ከዚሁ ከአንድ ካርቶን ነው። መርፌው ደግሞ በእሷው እጅ ነበር።

ስልኳን አውጥታ ለሽቦ ለብቻው ጻፈችለት። «ትናንት ፎቶ አለኝ ብለህ ነበር።»

«ነበረኝ።»

«ላክልኝ።»

ፎቶው መጣ። አልጋ ላይ ሁለት ሸሚዝ ጎን ለጎን ተዘርግቷል፤ አንደኛው የእሱ ዩኒፎርም፣ ሌላው እህቱ ለሥራ የምትለብሰው። ቁልፎቹ ልክ እሱ እንዳለው ቀኝና ግራ ተለያይተው ይታያሉ።

«ይሄን ይዘህ ለምን ዘፈንክ?»

ሽቦ ብዙ ጊዜ ወስዶ ጻፈ። «ልልከው ስል የሴቶቹ ዩኒፎርም በሙሉ በወንድ አቆራረጥ እንደተሰፋ ገባኝ። ማን እንደሰፋው ሁላችንም እናውቃለን። ሬዲዮ ይሄን ብታገኝ እስከ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ታደርሰው ነበር። አክስትሽ ደግሞ ዘንድሮ ብቻ እጅጌዬን ሁለቴ አስረዝማልኛለች። ‹አንተ እደግ፣ ጨርቁን እኔ እፈልጋለሁ› ነው ያለችኝ። አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ከዚያ መዝፈኑ ይቀላል።»

ዳኛ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቅጣቱን የተቀበለው ሸሚዙ ስላሳመነው መስሏት ነበር፤ ልጁ ግን የእሷን ቤት ሰው ሊሸፍን ነው የዘፈነው። እሷ ደግሞ «ዝም ብለህ ዝፈን» ብላዋለች።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሽቦ አይናገርም። የሚቀጥለው ዓመት የዩኒፎርም ትዕዛዝ ደግሞ የሚፈረመው በመጪው ሳምንት ነው።

«እቴቴ» አለች በመጨረሻ፣ ነገሩንም ከሥሩ አንድ በአንድ ነገረቻት።

የስፌት መኪናው ቆመ። አክስቷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። «ስንት ዓመት ነው የሰፋሁላችሁ?»

«ስድስት።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት እናት እንኳ ልብ አላለችም?» ከመደንገጥ ይልቅ ቅር ያላት ትመስል ነበር። ወዲያው ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቋ እስኪያልቅ ዳኛ ጠበቀቻት።

«ርእሰ መምህሩ ቢሰሙስ? ትዕዛዙን ለሌላ ሰው ቢሰጡብሽስ?»

አክስቷ ሳቋን ዋጠች። የተቆረጡትን ጨርቆች በዓይኗ ዞር ብላ አየቻቸው። «ሊሰጡም ይችላሉ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ያ ልጅ ለእኔ ሲል መሳቂያ ሆኖ እንዲኖር አልፈልግም። የእኔን የእኔ ነው ብለሽ ጻፊው። ስለማላውቅ ሳይሆን ስለሚፈጥን እንደሆነም ጨምሪበት፤ በሙያዬስ አልታማም። የአንቺን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።»

መኪናው እንደገና ጮኸ።

ዳኛ ነጩን ሸሚዝና የራሷን ዩኒፎርም ጎን ለጎን አድርጋ ፎቶ አነሳች። «አዲስ ማስረጃ ተገኝቷል» ብላ ጻፈች። አየችው። ማስረጃው በራሱ ጊዜ ከሰማይ የወረደ ያስመስላል። አጠፋችው። «ባለፈው ፍርድ ላይ ትንሽ ስህተት» ብላ ጀመረች፤ «ትንሽ» የምትለው ቃል አላስቀምጥ አለቻት። እሷንም አጠፋች።

ከዚያ ለብቻው ሳይሆን ሠላሳ አንዱም በሚያዩት በግሩፑ ላይ፦ «ሽቦ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ላከች።

«ለምኑ???» አለች ሬዲዮ ወዲያው።

ዳኛ በርጩማዋን ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ ሳበችና ለምኑ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምራ መጻፍ ያዘች።