ቢጫው የዝናብ ልብስ

አትክልት ከዕዝራ በፊት የወደደችው መጽሐፉን ነው። በኋላ ይህንን ልትክደው ሞክራ አልሆነላትም።

መጽሐፉን ቤት ያመጣችው ታናሽ እህቷ ሀሴት ነበረች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የምታነበውን ነገር ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ቆማ የምትውል ትልቅ ሰው ምን ብላ ታነበዋለች? አትክልትም ልታሾፍ ነበር የገለጠችው። ሽፋኑ «የዙሪያው ጠባቂዎች» ይላል። የደራሲ ስም የለውም፤ በስሙ ቦታ «ከበር ውጭ ያለ» የሚል ብቻ ተጽፏል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አዲስ አበባን በከበቧት ከተሞች ሁሉ፣ በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም፣ አንዳንድ የማይታይ በር አለ። በሮቹን የሚጠብቁት ማንም ከቁብ የማይቆጥራቸው ልጆች ናቸው። የቡራዩዋ ጠባቂ ፍካት ትባላለች፤ የትም ስትሄድ ጥላዋ ቀድሟት ይደርሳል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ታርጋ የሌለው ሚኒባስ ይመጣል፣ ወያላው የሚጠራውን ሰፈር ከእሷ በቀር የሚሰማ የለም።

ልታሾፍ የተቀመጠችው አትክልት እራቷን ረሳች። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትመለስ ወያላው «አስኮ፣ አስኮ» ሲል ከሥሩ ሌላ ስም የደበቀ እየመሰላት ጆሮዋን ትጥል ጀመር። ተወልዳ ያደገችበት፣ በጋ በአቧራው ክረምት በጭቃው የምታማርረው የቡራዩ ሰፈር በሰው ፍቅር ሊታይ እንደሚችል አስባ አታውቅም። መጽሐፉ ያንን አሳያት፣ በዚያም ተሸነፈች።

እህትማማቾቹ የተከታታዩን የመጀመሪያ ሁለት መጽሐፎች አንድ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ ገጽ ለመግለጥ እየተሻሙ ጨረሱ። ሦስተኛው ግን ከየት ይምጣ? መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራየው ወንዲ ልቡ መልካም፣ ቃሉ ግን ርካሽ ሰው ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ «ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት» ይላል። አትክልት በቀጠሮዋ ቅዳሜ ስትደርስ ያለችውን አንዲት ቅጂ ቀጠን ያለ ወጣት ይዟት ቆሟል። ወንዲ ራሱን እያከከ ወደ ሰማይ ያያል።

ወጣቱ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ መጽሐፉን አየ። ከዚያ ዘረጋላት።

«ውሰጂው። በነጻ ግን አይደለም» አላት። «ስትመልሺው የት ገጽ ላይ እንደተናደድሽ ትነግሪኛለሽ።»

«የት ገጽ ላይ እንደሳቅኩ ብነግርህ አይሻልም?»

«የሳቁበትን ሁሉም ሰው ይናገራል።»

አትክልት የለከፋ ዓይነት ብዙ ሰምታለች፤ እንዲህ ያለው ግን አጋጥሟት አያውቅም። ቤቷ እስክትደርስ ፈገግታዋ ከፊቷ አልወረደም። መጽሐፉን ስትመልስ የተናደደችበትን ገጽ ነገረችው። ምክንያቱን ጠየቃት፣ እሱንም ነገረችው። ወንዲ በርጩማ አቀረበላቸው፣ ጥቂት ቆይቶም ሱቁን ሊዘጋ እንደሆነ አስታወሳቸው።

ዕዝራ ይባላል። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ወላጆቹ ሥራ ፍለጋ ከደቡብ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው። የአትክልት ቤት ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ለአንድ ወር እንኳ ታጉሎበት አያውቅም። አባቷ አቶ ሽመክት ወሬውን ሲሰሙ «በዚህ ቤት ይኼ ነገር ሁለተኛ እንዳይነሳ» አሉ። አትክልት ግን አነሳችው፤ ዓመት ሙሉ ስታነሳው ከረመች። በዚያ ቤት ስለ ዕዝራ ያልፈሰሰ እንባ፣ ያልተኮረፈ ኩርፊያ አልነበረም።

ምን አግኝታበት ነው ቢሉ፣ ያዳምጣል። ስታወራ ስልኩን አያይም፣ አያቋርጣትም፣ ዓይኑን ከፊቷ አይነቅልም። ተናግራ ስትጨርስም ትንሽ ዝም ይላል። የሚያዳምጥ ወንድ ስንት ሴት ተስላ ያጣችው ነው፤ አትክልት ሳትሳል አገኘሁ አለች።

አንድ እሁድ ገፈርሳ ውኃው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ሳለ «ከበር ውጭ ያለው እኔ ነኝ» አላት። ሳቀችበት። እሱ ግን ገና ያልታተመውን የአራተኛውን መጽሐፍ የመጀመሪያ አንቀጽ በቃሉ አወረደላት፤ ሳቋ እዚያው ቆመ። ማንም እንዳያውቅ ለመናት፤ ቤተሰቦቹም ቤተ ክርስቲያኑም እንዲህ ያለ ነገር መጻፉን ቢሰሙ አይወዱለትም። ቃል ገባችለት። ለሀሴት ይህን ከመንገር የሚበልጥ ስጦታ በዓለም ላይ እንዳልነበረ እያወቀች፣ ለሀሴት እንኳ ሳትነግር አፏን ዘጋች።

አራተኛው መጽሐፍ የመጨረሻው ነው። ዕዝራም ተቸግሮበት ነበር። አንባቢው ሁሉ የፍካት ጥላ ለምን ቀድሟት እንደሚደርስ ማወቅ ይፈልጋል፤ ጸሐፊው ግን ራሱም አያውቅም። «ይኼ መጽሐፍ ይለቅ እንጂ ሽማግሌ እልካለሁ» ይላት ነበር።

ሽማግሌ እልካለሁ ያለ ሰው እንግዲህ ግማሽ ቤተሰብ ነው። አትክልት እንዲህ አሰበች፣ ስህተቷም እዚህ ላይ ነው።

ሱሉልታ ሄደው ዝናብ ያዛቸው። ፍቼ መንገድ ላይ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልለው ሳለ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሴት ከጫንጮ በኩል ስትመጣ አዩ። አትክልት በዓይኗ ተከተለቻት። ምን ሆንሽ አላት፤ ነገረችው።

አትክልት ትንሽ ልጅ ሳለች አቶ ሽመክት የእህል ነጋዴ ነበሩ፣ ጫንጮ ድረስ እየሄዱ ይገዙ ነበር። አንድ ክረምት የደንበኛቸው ሚስት በወሊድ ሞተች። የአገሩ ሽማግሌዎች መከሩና ጨቅላዋን በጉዲፈቻ ሰጧቸው፤ መርቀው፣ «ልጄ ናት እንጂ ሰጡኝ አልልም» አስብለው አማሏቸው። በኦሮሞ ደንብ የጉዲፈቻ ልጅ ልጅ ነው፤ የተወለደችና የመጣች ብሎ መለየት ትልቅ ነውር ነው። ጎረቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሕፃኗ የመጣችው በሟች እናቷ ቢጫ የዝናብ ልብስ ተጠቅልላ ነው፣ ግራ እጅጌው በእሳት የተቃጠለ። አቶ ሽመክት ትንሿ አትክልት እቅፍ ላይ አስቀምጠዋት «እህትሽ ናት። ዘግይታ መጣች እንጂ የኛው ናት» አሏት። እስከ ዛሬ ሀሴትን ሲጠሯት «ዘግይታ መጪ» ነው የሚሏት፤ እሷ ትምህርት ቤት ስለምታረፍድ ይመስላታል። የዝናብ ልብሱ በአትክልት እናት በወይዘሮ ውብአየሁ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ጳጉሜ ሲመጣ ፀሐይ ይመታዋል። የማነው ብላ ሀሴት ስትጠይቅ «ያንቺ ነው» ትባላለች።

ዕዝራ እንደ ልማዱ ዓይኑን ሳይነቅል አዳመጠ። ስትጨርስ ዓይኑ እንባ አቅሮ ነበር። አትክልት እጁን ያዘች፤ ለእህቴ ያለቀሰ ሰው አገኘሁ አለች በልቧ።

ከዚያ በኋላ ሥራ በዛበት። እሁዶቹ ተሰረዙ፣ ስልኩም ይጠፋ ጀመር። እየጻፈ መሆኑን ታውቃለችና ደስ አላት።

መጽሐፉ ታኅሣሥ ላይ ወጣ። ወንዲ ሱቅ ፊት ቀድማ የተሰለፈችው ሀሴት ናት።

አትክልት ከሥራ ስትመለስ እህቷ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቢጫው የዝናብ ልብስ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፣ መጽሐፉ እላዩ ላይ ተደፍቷል።

«አትኪ፣ ይኼ እጅጌ ለምንድን ነው የተቃጠለው?»

አትክልት መጽሐፉን አነሳች። ፍካት ከሱሉልታ በር ማዶ በክረምት መጣች ይላል፤ በቢጫ የዝናብ ልብስ ተጠቅልላ፣ ግራ እጅጌው በእሳት የተቃጠለ። ያመጣት ሰው ትልቋን ልጁን «ዘግይታ መጣች እንጂ የኛው ናት» አላት ይላል። ጥላዋም ቀድሟት የሚደርሰው ለዚህ ነው፤ ሰውነቷ ዘግይቶ ስለመጣ። አጻጻፉ ያማረ ነበር። አትክልትን ያቃጠላት ደግሞ ማማሩ ነው።

ሁሉም የዝናብ ልብስ ቢጫ ነው፣ አጋጣሚ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሀሴት ግን ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች።

«ይኼን ከቤታችን ውጭ ማን ያውቃል?» አለች።

«እኔ ነኝ የነገርኩት።»

«ለማን?»

«ላገባው ላሰብኩት ሰው።»

ሀሴት ሽፋኑን አየች፤ በስም ቦታ የተጻፈውን ረጅም ጊዜ አየችው። ብልህ ልጅ ናት፣ ሌላ አልጠየቀችም። አላለቀሰችምም። ቢያንስ ብታለቅስ እቅፍ አደርጋት ነበር ብላ አትክልት ቆይቶ ቆይቶ ተመኝታለች።

«አባዬና እማዬ እንዳወቅኩ እንዳያውቁ» አለች ሀሴት። «ይከፋቸዋል። ማይልኝ።»

ማለችላት። አባቷ ጫንጮ ላይ የማሉትን መሐላ ያፈረሰች አፍ፣ ያው አፍ ሌላ መሐላ ማለች።

በማግስቱ ሰበታ ሄደች። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ዕዝራ እየሳቀ መጣ፤ እንኳን ደስ አለህ ልትለው የመጣች መስሎታል። ፊቷን ሲያይ ተቀመጠ። ነገረችው። ስሟን እኮ ቀይሬያለሁ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም አለ።

«ማወቅ የሌለባት አንዲት ሰው ነበረች» አለችው። «እሷ ደግሞ ከማንም በላይ ያንተ አንባቢ ናት። ልጅቷን በስሟ አልጠራሃትም፣ በልብሷ ግን ጠራሃት።»

ዕዝራ ጭንቅላቱን ያዘ። እውነትም አላሰበውም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ወራት ሀሴት ለእሱ ታሪክ እንጂ የምታነብ ልጅ አልነበረችም። እንደሰማው ከውስጡ አልወጣ እንዳለው፣ እያለቀሰ እንደጻፈው ነገራት። ሊጠይቃት አስቦ ነበር፤ እምቢ እንዳትለው ፈርቶ ተወው።

«የኔ ምስጢር ያንተ ነበር፣ ያንተም የኔ» አለች አትክልት። «እኔ ያንተን ለእህቴ እንኳ አልነገርኩም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሱሉልታ ላይ ያለቀስከው ለሀሴት ነው ወይስ ለምዕራፉ?»

ዕዝራ ብርጭቆውን አዞረ። ለሀሴት ነው ሊላት ይችል ነበር፤ ምናልባትም ታምነው ነበር። ዝም አለ። አትክልት ያን ዝምታውን እንዳትወደው ምን ባደረገች፤ ውሸት እንኳ አልዋሻትም። ስትነሳ እሁድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ እንዲያው አትቁረጪ አላት። አትላካቸው ብላው ወጣች።

ላካቸው። ሽማግሌ የተጣላውን ያስታርቃል ብሎ ይሆናል።

ሦስት ሆነው መጡ። ተቀመጡ ሲባሉ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው እንደ ደንቡ ቆሙ። አቶ ሽመክት ሰሟቸው፣ ከዚያ ጓዳ ገብተው አትክልት ፊት ቆሙ። ጋቢያቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ።

«ልጄ፣ ዓመት ሙሉ አስለቅሼሻለሁ» አሉ። «ሃይማኖቱን ሳስብ ከረምኩ። ንስሐ አባቴንም ጠይቄያለሁ። እንግዲህ አንቺ ይህን ያህል የወደድሽው ሰው ክፉ አይሆንም። እሺ ልበላቸው?»

ያን «እሺ» ለመስማት አትክልት ስንት እሁድ ተንበርክካለች። አሁን መጥቶ ጓዳ ውስጥ ቆመ። አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ሀሴት ጥፍሯን ታያለች።

«አይ አባዬ። አልፈልገውም።»

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም። እኔ ነኝ ሐሳቤን የለወጥኩት።»

አቶ ሽመክት እንዲህ ባለ ዓይን አይተዋት አያውቁም፤ በሰው ልብ መጫወት የለመደች ልጅ ነው ያዩት። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ «ኦቦ ሽመክት፣ ምን በደልን?» ሲሏቸው በግድግዳው ይሰማል። አትክልት ለሀሴት ምላለችና ስለ ራሷ መናገር አትችልም ነበር። ዕዝራን ትጠላዋለች፤ ደግሞ አሁን በሩን ገፍቶ ቢገባ ደረቱ ላይ ተደፍታ ታለቅስ ነበር። መንገድ ላይ ወያላ «አስኮ» ሲል ዛሬም ጆሮዋ ይቆማል። ሰውየውስ እሺ፣ መጽሐፉን ለምን ወሰደብኝ አለች በልቧ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሀሴት ቢጫውን የዝናብ ልብስ ከትራሷ ሥር አውጥታ ታጥፈው ጀመር።

«መጨረሻውን አነበብሽው?» አለች።

«አላነበብኩትም።»

«ፍካት እውነቱን ስታውቅ በሩን ከፍታ ትሄዳለች። ዞራም አታይም። ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ነው አሉ የሚያለቅሰው።» የተቃጠለውን እጅጌ ወደ ውስጥ አጠፈችው። «እኔ ግን እዚህ ጋ ነው የተናደድኩት። መጻፍስ ይችላል፤ ይኼን ግን አላወቀም። እኔ የት ነው የምሄደው?»

ልብሱን ሳጥኑ ውስጥ፣ በነበረበት ቦታ አስቀመጠችና ክዳኑን ዘጋች። አትክልት እጇን ልትይዛት ዘረጋች፤ ሀሴት አልያዘችውም፣ አልገፋችውምም።

ከሳሎን የአባታቸው ድምፅ መጣ፣ ከወትሮው ደከም ብሎ። «ዘግይታ መጪ፣ ምሳ ቀርቧል።»

ሀሴት በሩ ላይ አንዴ ቆም አለች። ፊቷን በእጇ ጠረገች።

«መጣሁ፣ አባዬ» አለች፣ ከሁሉም ቀድማም ማዕዱ ጋ ደረሰች።