የመጨረሻዋ የሒሳብ ጥናት

መምህር ደርቤ፣ ደባርቅ ከተማ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የሻይ ብርጭቆ ነበር፤ ለከተማው ወሬ ይኼ በቃው። ሻዩን የላከለት መምህር ማዕረግ ነዋ። ደርቤ የድሃ ልጆችን በኢንተርኔት በነጻ ማስጠናት ከጀመረ ወዲህ፣ ማዕረግ በክፍያ የሚያስጠናው ልጅ አጥቷል።

ኢንስፔክተር ባንቻየሁ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት። ብርጭቆውን አየችው፤ ሻዩ አልተነካም፤ የመርዙ ወሬ እዚያው ቀረ። ወደ ዘበኛው ወደ ጋሽ ታገኘ ዞረች።

«ለኮምፒውተሮቹ መብራት የሚሰጠው ጄኔሬተር ትናንት የት ነበር?»

«እዚሁ ሜዳው ላይ። መብራት ከጠፋበት ከቀትር ጀምሮ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።»

«ያን ሁሉ ዝናብ ሲዘንብ?»

«መታው እንጂ፤ ምን ይሆናል?»

ጄኔሬተሩን ዞራ አየችው። ከዚያ የጋሽ ታገኘን ልጅ ሕሊናን አስጠራች። ከተራራው መንደር ከጊች መጥታ አሥረኛ ክፍል የምትማር ናት።

«ትናንት ስትወጡ መምህራችሁ ደኅና ነበር?»

«ደኅና ነበሩ። መልሳችንን ሊያርሙ ቀሩ። እኔን ግን ራሴን አሞኝ ነበር።»

«ፈተናው መቼ ነው?»

«ነገ። ካለፍኩ እማራለሁ፤ ያለዚያ ጊች ተመልሼ መዳር ነው።»

ደርቤ ልጆቹን ሰብስቦ ሲያገናኛቸው፣ ሒሳቡን ከእስራኤል፣ ከሃይፋ ሆና በኮምፒውተር የምታስጠናቸው ሺርሊ ናት፤ ወላጆቿ የዳባት ሰዎች ነበሩ። ባንቻየሁ ደወለችላት።

«ዝናቡ እንደጀመረ የሞተሩ ድምፅ ጎላብኝ» አለች ሺርሊ፤ «ከጎናቸው ያለ መሰለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ባንቻየሁ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ሐኪሙ ደርቤን የገደለው የጄኔሬተር ጭስ ነው ብሏል። ሜዳ ላይ ያለ ሞተር ደግሞ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው አይገድልም። ዝናብ መታው የተባለው ጄኔሬተር ጀርባው አቧራ እንደለበሰ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ስለዚህ ሲዘንብ ቤት ውስጥ ነበር። ሺርሊ ድምፁ የጎላባት፣ ሕሊናም ራሷን ያመማት ለዚያ ነው። ከክፍሉ ጋር በአንድ በር የሚገናኝ ዕቃ ቤት አለ። ቁልፉ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው፣ ጋሽ ታገኘ።»

ሽማግሌው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ዝናቡ ሞተሩን ቢያጠፋው ልጄ ጥናቱ ይቋረጥባት ነበር። የመጨረሻዋ የጥናት ቀን ናት። መምህሩ ይቀራል ብዬ አላሰብሁም። ሞተሩን ላጠፋ ስመለስ… ሞቷል። ደንግጬ መልሼ ወደ ሜዳ አወጣሁት።»

«መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች ሕሊና። «በዝናቡ ጩኸት ሺርሊን መስማት አቅቶኝ።»

«ዝም በይ አንቺ።» ጋሽ ታገኘ እጃቸውን ለባንቻየሁ ዘረጉ። «እኔን ይጻፉ። እሷ ነገ ትፈተናለች።»

ባንቻየሁ የሳቸውን ቃል ጻፈች፤ የመስኮቱን ነገር ለመጻፍ ግን አንጀቷ አልቻለም።

በማግሥቱ ሕሊና ፈተና ገባች። የሒሳቡን የመልስ መስጫ ወረቀት ስሟን ብቻ ጽፋበት፣ አንድም ክብ ሳታጠቁር መለሰች።