ባለቀይ እግሯ ወፍና ሁለተኛው ምስክር

ጀልባዋ ከዳር እንደተላቀቀች ሰማዩ ተቀደደ። ዝናብ ብሎ ዝናብ! መምህርቷ ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽሯን በላስቲክ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተችና ወንድሟን «ቅዘፍ!» አለችው። «ለዚህ ካፊያ ብለን አንመለስም።»

የቀራት ይህች አንዲት ጠዋት ናት። ስድስት ሰዓት ላይ የምትሄድበት አውቶቡስ ካረፈችበት ቤት ደጅ ይነሳል።

ማረፊያ ቤቱ ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ስምንቱም አልጋ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ወንዙ ላይ የታየ ወፍ ሁሉ የሚጻፍበት ወፍራም መዝገብ አላቸው። ሕጋቸው ግን ጥብቅ ነው፦ ሁለት ሰው ያላያት ወፍ አትጻፍም፤ ዘመድ ለዘመድ ምስክር አይሆንም። አምና መምህርቷ «ቀይ እግር ያላት የውሃ ወፍ» ብላ ስትጽፍ፣ ሽማግሌው እንግዳው ሁሉ እያየ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙባት። «ወንድምሽ አይቆጠርም፣ የኔ ልጅ።» ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ባለካሜራ ደግሞ «ዓይን ያወጣ ውሸት!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቿን «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ» ስትል የኖረች ሴት ናት እንግዲህ። ያ ሳቅ ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

ዛሬ ንጋት ላይ ምስክር ፍለጋ ከአልጋ አልጋ ዞራ ነበር። ሁሉም ደመናውን አይተው ብርድ ልብሳቸውን ተከናነቡ። ባለካሜራውማ በሞተር ጀልባ ብቻውን ቀድሟታል።

«እትዬ፣ ብናገኛትስ ማን ያምነናል?» አለ ወንድሟ።

«እሷን ላግኝ እንጂ ምስክሩን ከየትም ጎትቼ አመጣለሁ።»

ወንዙ ደፈረሰ፣ ጎረፈ። መምህርቷ ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውሃ በጣሳ እየጨለፈች ደፋች። ግንድ ነው ብለው የተጠጉት ነገር ዓይኑን ገለጠ።

«አዞ!»

ወንድሟ በመቅዘፊያው ጭቃውን ገፍቶ ጀልባዋን ጠመዘዛት። አዞው ጅራቱን አንዴ አወናጭፎ ሰመጠ። እነሱም ቀዘፋቸውን ቀጠሉ።

ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ቅርንጫፎች ውሃው ላይ ባጎነበሱበት ቦታ፣ ዝናቡ አባራ። ቅጠሉ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። መምህርቷ መነጽሯን አነሳች። ረጅም አንገት አየች፤ አንገቱ ላይ ነጭ መስመር። እሷን ትመስላለች፤ እግሯ ግን ውሃ ውስጥ ነው።

ወዲያው ከኋላቸው አንድ ነገር ተሰበረ፤ የሰው ጩኸት ተከተለ። ጉማሬ የሞተር ጀልባውን ገልብጦታል! በዝናቡ ውስጥ ሳያዩት ያለፉት ባለካሜራ የተገለበጠውን ጀልባ አቅፎ «ድረሱልኝ!» ይላል።

«አይ ይሄ ሰውዬ! ሌላ ቀን አጥቶ ነው?» አለች መምህርቷ። እንባዋ መጣ። «አዙር! ቅዘፍ!»

«ወፏስ?»

«ቅዘፍ አልኩህ!»

ደረሱ። ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘችና ሁለት ሆነው እንደ ጆንያ ጎትተው ጀልባቸው ውስጥ ጣሉት። ካሜራው ሰመጠ። ጉማሬው አፉን ከፍቶ ዞረ። ወንድሟ ነፍሱን ይዞ ቀዘፈ፤ ጀልባዋ ተስፈንጥራ ያጎነበሱት ቅርንጫፎች ሥር፣ ሥራሥሩ መሀል ተሰነቀረች።

«ትንፍሽ እንዳትሉ» አለች መምህርቷ በሹክሹክታ።

ጉማሬው ቀረበ፣ አናፋ፣ ፈለጋቸው። ከዚያ ሰመጠና ራቅ ብሎ ወጣ።

ያን ጊዜ፣ ከአፍንጫቸው ሥር፣ የደነገጠች ወፍ ከሥራሥሩ ወጥታ ውሃውን በእግሯ እየመታች ሮጠች። እግሯ ቀይ፣ ደማቅ ቀይ! የባለካሜራው እጅ ካሜራውን ፍለጋ ደረቱን ዳሰሰ፤ ባዶ ነው።

«አየሃት?» አለች መምህርቷ።

«ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሦስቱም ጭቃ በጭቃ ሆነው ማረፊያ ቤቱ ገቡ። ሽማግሌው ሁሉንም ሰሙና ጢማቸውን አሻሹ።

«ከጉማሬ አፍ ያወጣችህ ሴት ከእናት በምን ታንሳለች? ይሄማ ዘመድነት ነው። አይቆጠርም።»

እንግዳው ሁሉ ከበባቸው። ባለካሜራው ውሃ እያንጠባጠበ ተጠጋ።

«ጋሼ፣ ያቺን ወፍ ስድስት ዓመት ፈልጌያታለሁ። ዛሬ ፊት ለፊቴ ሮጠች፤ ካሜራዬ ወንዝ ውስጥ ነው። እንዲህ የሚያቃጥል ነገር ለዘመድ ብሎ የሚፈጥር ሰው ያውቃሉ?» ወደ መምህርቷም ዞረ። «አምና ስቄብዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸውና መዝገቡን ገፉላት። መምህርቷ ሰሌዳ ላይ በምትጽፍበት ትልልቅ ፊደል ጻፈች፤ ባለካሜራው ከሥሩ ፈረመ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ውጭ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ጮኸ።

«ይጠብቅ!» አሉ ሽማግሌው፣ ያምናውን ገጽ እየገለጡ። «ይሄን የሰረዝኩብሽንም መልሰሽ ጻፊው።»

መምህርቷ ቀዩን መስመር አየችው። ዓመቱን ሙሉ ውስጧን እንዳልበላት ሁሉ አሁን ቀጭን ጭረት ብቻ ሆነባት። ሻንጣዋን አነሳች።

«ይተዉት ጋሼ። ያምናዋን እኔ አይቻታለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።»