ጥበብ ነው፣ አትንኩት

ፕሮፌሰር ኒሩፖም ላሂሪ የሞቱት በጭብጨባ መሃል ነው። ካልካታ ውስጥ፣ ባሊጋንጅ ሰፈር በሚገኘው የቢሬን ሞሊክ የሥዕል አዳራሽ፣ ስለ ጥበብ ምንነት ንግግር ያደርጉ ነበር። በመጨረሻም ለዕይታ ከተቀመጡት ሥራዎች አንዱን፣ ውሃ የያዘ የሸክላ ማሰሮ፣ ከበርጩማው አነሱ። «ይህ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ይጠጣል» አሉና ተጎነጩ። ወዲያው ጉሮሯቸውን ይዘው ወደቁ። ታዳሚው የንግግሩ ማሳረጊያ መስሎት አጨበጨበ። ባለቤታቸው ሹሮማ ሮጠው ደርሰው እስኪያቅፏቸው ድረስ ጭብጨባው አልቆመም።

መርማሪ ኦፖርና ጉሆ ስትደርስ አስከሬኑ ተሸፍኖ ነበር። ኦፖርና ጠና ያለች፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች። ሐኪሙ መርዙ ወርቅ አንጥረኞች የሚገለገሉበት ዓይነት እንደሆነ፣ የተገኘውም ማሰሮው ውስጥ እንደሆነ ነገራት። ዘበኛው ደግሞ በዚያን ቀን አዳራሹ ለታዳሚ ከመከፈቱ በፊት የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ማለላት፤ የአዳራሹ ባለቤት ቢሬን፣ ማሰሮውን የሠራው ወጣት ቲርቶ፣ እና ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጀችው ኬቶኪ።

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ቲርቶ ላይ ነበር። ፕሮፌሰሩ በጋዜጣ «ባለቤት ያጣ ማሰሮ» ብለው አፊዘውበታል።

«ትጠላቸው ነበር?» አለችው።

«አዎ እህቴ፣ እጠላቸው ነበር። እንዲዋረዱ ነበር የምፈልገው። እንዲሞቱ ግን አይደለም።»

«እስቲ ስለ ማሰሮው ንገረኝ።»

ቲርቶ ማሰሮውን ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ዕለት በውሃ ሞልቶ እንደተወው አስረዳት። ውሃው እየተነነ በጎደለ ቁጥር በማሰሮው የውስጥ ግድግዳ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል። የሥራው ስም «መጠበቅ» ነው፤ የመጨረሻዋ ጠብታ ስትደርቅ ሥራው ያልቃል። እስከዚያ ግን ማንም፣ እሱ ራሱም ቢሆን፣ አይነካውም።

ኦፖርና የእጅ ባትሪዋን አብርታ እንዲያይ ጠራችው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ትቢያ እንኳ የለበትም። ነጮቹ መስመሮች ሁሉ ከውሃው በታች ቀርተዋል። የወጣቱ ፊት አመድ መሰለ።

«ማነው የሞላው?» አለ። ሟቹን የረሳ ይመስል ነበር። «ይሄን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩትን… ማነው የሞላብኝ?» ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ቢሬን ሞሊክ በበኩሉ የሚያሳስበው ሌላ ነበር። ማሰሮውን ከነመስመሮቹ ለአንድ የሙምባይ ሰብሳቢ ሸጦታል፤ ገዢው መስመሮቹ እንዳይነኩ አጥብቆ አደራ ብሏል። አሁን ውሉ ፈረሰ እያለ ሲነጫነጭ ኦፖርና በትዕግሥት አዳመጠችው።

ኬቶኪ ግን እርጋታዋ የሚገርም ሴት ነበረች። ሳሪዋ እንኳ አልተጨማደደም። ፕሮፌሰሩን የጋበዘቻቸው እሷ እንደሆነች አልደበቀችም። አስተናጋጁ ለእንግዶች የተዘጋጀውን ውሃ እንዳያቀርብ ያዘዘችውም እሷ ነበረች፤ ብርጭቆ ሲንኳኳ ንግግሩ እንዳይረበሽ ብላ ነው አለች። በዚያ ሙቀት አዛውንቱ ያለ ውሃ ሲናገሩ ቆይተዋል።

«ሲወድቁ ምን አደረግሽ?» አለቻት ኦፖርና።

«ምን አደርጋለሁ? ቆሜ ነበር።»

በመጨረሻ ኦፖርና ወደ ሹሮማ ቤት ሄዳ ብዙ ተቀመጠች። ወይዘሮዋ ከብዙ ዓመታት በፊት ኩሬ ውስጥ ስለሞተ ዲፕቴን ስለሚባል ሠዓሊ፣ ስለ ታናሽ እህቱም አጫወቷት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስቱንና ሹሮማን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ቆሞ የከረመ ውሃ ማንም አይጠጣም» ብላ ጀመረች። «ገዳዩ ይህን ስለሚያውቅ አሮጌውን ደፍቶ ንጹሕ ሞላ። ቲርቶ ይህን አያደርግም። ለእሱ ሥራው ያ አሮጌ ውሃ ራሱ ነው፤ ሰው ቢገድል እንኳ በሌላ ነገር ይገድላል። ቢሬንም አያደርገውም፤ የሸጠው እነዚያን መስመሮች ነው። ውሃውን የቀየረው ይህን ሥራ ከተራ ማሰሮ የማይለይ ሰው ነው፤ ልክ እንደ ሟቹ።»

ወደ ኬቶኪ ዞረች።

«ፕሮፌሰሩ ለዕይታ የተቀመጠን ነገር ሁሉ እንደሚነኩ ታውቂ ነበር፤ የእንግዶቹን ውሃ አስቀርተሽ አስጠማሻቸው። ሲወድቁ ጥበብ የመሰለው ሁሉ አጨበጨበ፤ ቲርቶና ቢሬን ሳይቀሩ። ባለቤታቸው ደነገጡ፣ ሮጡ። አንቺ አላጨበጨብሽም፣ አልሮጥሽም። የሚሆነውን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነበርሽ። የዲፕቴን እህት አይደለሽም?»

ኬቶኪ ለመካድ አልሞከረችም።

«ወንድሜ ኩሬ ውስጥ ጠልቆ በቀርከሃ እየተነፈሰ ነበር» አለች። «ሥራው ያ ነበር። ቀርከሃው ሲንቀጠቀጥ ልገባ ስል ክንዴን ጨምድዶ የያዘኝ ላሂሪ ነው። ‹ጥበብ ነው፣ አትንኪው› አለኝ። ሰው ሁሉ እሱን ሰምቶ ቆመ። ቀርከሃው ጸጥ እስኪል አልለቀቀኝም። ያኔ ጥበብ ነው ብሎ ወንድሜን አስገደለ። ትናንት ደግሞ ጥበብ አይደለም ብሎ ጠጣ። ሁለቱንም የፈረደው ራሱ ነው፤ እኔ ያደረግኩት ውሃ መሙላት ነው።»

ሹሮማ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ባለቤቴ ሁሉን ነገር ለምን እንደሚነካ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አሉ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። አንድ ሰው ለዕይታ ተኝቶ፣ ተሰቅሎ ወይ ታስሮ ካየ ሄዶ ይነካዋል፤ ደህና ነህ ወይ ይለዋል። ዴልሂ ላይ ጎትተው አስወጥተውታል። ሳይነካ የሚታይ ነገር በዓለም ላይ እንዳይኖር ነበር የሚጽፈው። አንቺንም ይቅርታ ሊጠይቅ ስንት ቦታ ፈልጎሻል።»

«አውቃለሁ፣ እማማ» አለች ኬቶኪ። «ለዚህ ነው ማንነቴን ያልነገርኩት። ይቅርታ ጠይቆ ቀለል ብሎት እንዲሞት አልፈለግኩም።»

ቲርቶ ከማሰሮው ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ሹሮማ ኬቶኪ ፊት ደርሰው ቆሙ። ይመቷታል ብላ ኦፖርና ጠጋ አለች። እሳቸው ግን እጃቸውን እንኳ አላነሱም።

«እስር ቤት እየመጣሁ አይሻለሁ» አሉ በቀስታ። «አልሰድብሽም፤ አላናግርሽም። ብታለቅሺ፣ ብትታመሚ፣ እርዱኝ ብትዪ፣ ከፊትሽ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ እንጂ አልነካሽም።»

ኬቶኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበረች። ኦፖርና ክንዷን ይዛ ወደ በሩ ስትወስዳት ወደ ኋላ ዞር ለማለት አልደፈረችም፤ ሹሮማ ግን መኪናው ከመንገዱ እስኪሰወር ድረስ ደጃፉ ላይ ቆመው ተመለከቷት።